ግራጫዋ ጽሑፍ

ስልኩ ዝም ብሏል። የዳኛው ሚስት ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቷታል።

ከማድ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን መኝታ ቤት፣ ተመልሳ ማድ ቤት። ሻይ ትጥድና ትረሳዋለች። ውሃው ተኖ አልቆ ማንቆርቆሪያው ሲሸት ሮጣ ታወርደዋለች፣ እንደገና ትጥዳለች፣ እንደገና ትረሳዋለች። ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውራ "አሁንስ በቃኝ፣ አላይህም" ትላለች፤ በሩ ጋ ሳትደርስ ተመልሳ ታነሳዋለች። ድምፁ ጠፍቶ ይሆን? ከፍ አደረገችው። ኢንተርኔቱ ይሆን? ለልጇ "እንዴት ዋልሽ" ብላ ላከች። ደርሷል የሚለው ሁለት ራይት ከች አለ። ስልኩ ደህና ነው። እንግዲህ የጠፋው ሰውየው ነው ማለት ነው።

ሰውየው ሾፌሩ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ባሏ ዳኛው ካረፈ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰፈሩ ግን ዛሬም "የዳኛው ሚስት" ነው የሚላት። ትልቅ ግቢ፣ ትልቅ ቤት፣ ትልቅ ስም፣ ውስጡ አንዲት ሴት። ሾፌሩ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱን የቀበረ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ጠባብ ሰው ነው። እሷ በዳኛው መኪና ኋላ ወንበር ስትሄድ እሱ ከጎኗ አውቶቡስ ይዞ መብራት ላይ ቆሞ ያውቅ ይሆናል። መስታወት ለመስታወት። ተያይተው ግን አያውቁም።

ያገናኛቸው የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ ያለው አዳራሽ ነው፤ ለትልልቅ ሰዎች የስልክ ሥልጠና የሚሰጥበት። ሥልጠናውን ያዘጋጀችው ማን መሰላችሁ? የገዛ ልጇ፣ የዳኛው ሴት ልጅ።

ልጅቷ መጀመሪያ ላይ አበላሽታው ነበር። ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ሰቅላ "ይሄ የድምፅ ቁልፍ ነው፣ ይሄ ቻርጀር መሰኪያ ነው" እያለች ስታስረዳ ጡረተኛው ልብስ ሰፊ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ አንኮራፋ። በሚቀጥለው ግማሹ ቀረ። ከዚያ የቀረውም ቀረ። ልጅቷ ቤት መጥታ አለቀሰች። እናቷ ናት ያኔ፣ "ልጄ፣ ሽማግሌ ስለ ቻርጀር ምን ጨነቀው። ማንን ማግኘት እንደሚፈልግ ጠይቂዋ" ያለቻት።

ልጅቷም ሁሉንም ጥላ ከዜሮ ጀመረች። ፊደሉን አተለቀች። ንግግሯን አሳጠረች። የማንንም ስልክ ከእጁ ነጥቃ ላለመንካት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ማስተማር ጀመረች። ስክሪኑ ላይ ትንንሽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ ባለ ቁጥር ሁሉም "ስልኬ ተበላሸ" እያሉ ስለሚደነግጡባት አንድ ሕግ አወጣች፤ "ግራጫዋን ጽሑፍ አትፍሯት፤ አይታችሁ እለፏት።" ሕጉ ተወደደ። ልብስ ሰፊው እንዲያውም "ሚስቴ ስትቆጣም ግራጫ ናት ብዬ ማለፍ ጀምሬያለሁ" አለና አዳራሹን አሳቀው።

ከሁሉ የሠመረው ግን ጥንድ ጥንድ አድርጋ የሰጠቻቸው የቤት ሥራ ነው። እያንዳንዱ ከመስኮቱ የሚያየውን ፎቶ አንስቶ ለጥንዱ ይልካል፣ ጥንዱ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ልጅቷ እናቷን ከሾፌሩ ጋር አጣመረቻት። ለምን? "እማዬ ትቸኩላለች፣ እሱ ደግሞ ረጋ ያለ ነው፣ ይመጣጠናሉ" ብላ። ባወቀች ኖሮ።

የዳኛው ሚስት የጓሮዋን ቧንቧ ላከች። ሾፌሩ፣ "ለማን ነው ሁልጊዜ የሚንጠባጠበው?" ብሎ ጠየቀ። አንድ ሰዓት ፈጀበት ይቺን ለመጻፍ። እሱ ዝናብ ያረፈበት ባዶ የፌርማታ ወንበር ላከ። እሷ፣ "ማንን ይጠብቃል?" አለች። መልሱ በማግስቱ ነው የመጣው። "ገና አላወቀም።"

እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ሴትየዋ ጠዋት ተነስታ መጀመሪያ የምትፈልገው መነጽሯን ሆነ፣ ከዚያ ስልኳን፣ ከዚያ መስኮቱን። አዳራሽ ውስጥ ሲገናኙ ደግሞ በፎቶ ያን ሁሉ የተጫወቱ ሰዎች ቃል ያጥራቸዋል። እሱ ወንበር ይስብላታል። እሷ "እግዜር ይስጥልኝ" ትላለች። ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ፣ ሁለቱም ወደ ስልካቸው ያጎነብሳሉ። አሥራ አምስት ዓመት የሆናቸው ነው የሚመስሉት።

ባለፈው ሳምንት፣ ትምህርት ሊጀመር ሲል፣ ኮሪደሩ ላይ አስቆማት።

"ወይዘሮ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነበር" አለ። ኮፍያውን እጁ ላይ ያሽከረክረዋል።

"ይንገሩኛ።"

"በአፌ አይሆንልኝም። ብጽፍልዎስ?"

"ይጻፉልኝ እንጂ።"

"ዛሬ ማታ እጽፋለሁ። ካልመለሱልኝ አልቀየምም። ዝምታም መልስ ነው።"

ጉንጯ ጋለ። ገብታ ተቀመጠች። እሱም ትይዩዋ ተቀመጠ። ከዚያ ትምህርት በኋላ ያንን ሰው አላየችውም፣ ከዚያ ትምህርት በኋላ ከሱ አንድም ቃል አልመጣላትም።

* * *

"እማዬ፣ እስቲ ቁጭ በይ። አዞርሽኝ እኮ።"

ልጅቷ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ካርቶን ይዛ መጥታ የሳሎኑን ዕቃ እየጠቀለለች ነው። ነገ ታላቅ ወንድሟ ይመጣል። ነገሩ አልቋል፦ ቤቱ ይከራያል፣ እናትየው ሩቅ ከተማ ወንድ ልጇ ጋ ሄዳ ትኖራለች። እናትየው ብቻ የመጨረሻዋን "እሺ" አላለችም። ነገ ትላለች ተብሎ ይጠበቃል።

"ቁጭ ብያለሁ" አለች እናት፣ ቆማ።

"ስልኩን ስጪኝ እስቲ።"

"አንቺ ነሽ የሰው ስልክ አይነጠቅም ያልሽው።"

ልጅቷ የጋዜጣ ወረቀቱን አስቀመጠች። "ሾፌሩን ነው የምትጠብቂው አይደል?"

እናት ወደ መስኮቱ ዞረች።

"እኔ ዓይን የለኝም መሰለሽ? አዲስ ሻርፕ። ሽቶ። ምድር ቤት አዳራሽ ለመምጣት ሽቶ።"

"ሰው ሽቶ አይቀባም?"

"እማዬ፣ ሰውየው ጨዋ ነው። እወደዋለሁ። ግን የአውቶቡስ ሾፌር እኮ ነው። አባዬ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ነው? ወንድሜ ምን ይላል?"

"ወንድምሽ ነጋ ጠባ ይላል። ሥራው ነው።"

"እሺ እሱም ይቅር። ራሱ የታለ ታዲያ? በፎቶ መጫወትማ ማን ያቅተዋል። ቁም ነገር ሲመጣ ጠፋ። አየሽ አይደል?"

ይቺ ወጋቻት። ምክንያቱም እሷም ስታስበው የሰነበተችው ይሄንኑ ነው። "ዛሬ ማታ እጽፋለሁ" ያለ ሰው አልጻፈም። ኮሪደሩ ላይ ደፍሮ፣ ቤቱ ሲገባ ፈራ። ወይም ግቢውን አሰበ፣ ስሟን አሰበ፣ "እኔ ምን አገባኝ" አለ። እሷ ደግሞ ቀድማ እንዳትጽፍ፣ እንዴት ተደርጎ! ስልሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ቀድማ ተናግራ አታውቅም፤ ለዳኛውም እሺ ያለላት አባቷ ነው።

"ነገ ለወንድሜ እሺ በይው" አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። "እዚህ ባዶ ቤት ውስጥ ስትዞሪ እኔም አልተኛም።"

"ጠዋት ትምህርት አለ አይደል?"

"አለ። የሰንበቱን ክፍል አላስቀረሁም። ግን አንቺ ባትመጪም..."

"እመጣለሁ። ትምህርት ጀምሬ አላቋርጥም።"

ይህን ያለችው ለትምህርቱ ብላ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ልጅቷ ብርጭቆውን በጋዜጣ መጠቅለል ቀጠለች። እናትየው ቆማ አየቻት፤ የራሷን ሕይወት እየጠቀለሉ ካርቶን ውስጥ ሲከቱት የምታይ መሰላት።

* * *

የሾፌሩ ወንበር ባዶ ነው።

የዳኛው ሚስት ስትገባ አየችው፣ አይታ እንዳላየ ሆነች፣ ቦርሳዋን ሦስቴ ከፈተች ሦስቴ ዘጋች። ከጎኗ ልብስ ሰፊው አለ። ዛሬ እሱም ቀልዱ የለም።

ልጅቷ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ፊት ቆመች። "ባለፈው ምን ተማርን?"

"ብሎክ ማድረግ" አሉ ተማሪዎቹ።

"ለምን?"

"ሎተሪ ደርሶሃል እያለ የሚጨቀጭቀንን ሌባ ልንዘጋበት።"

"ጎበዞች። ያን ጊዜ ሁላችሁም መለማመጃ ብዬ ያስመዘገብኳችሁን ቁጥር ዘጋችሁ። የኔ ሁለተኛ ስልክ ነው። ዛሬ ደግሞ ትከፍቱልኛላችሁ። ሴቲንግ ውስጥ ግቡ... ቀጥሉ... አዎ። አሁን የዘጋችኋቸው ሰዎች ስም ይመጣል። አንድ ስም ብቻ ነው መኖር ያለበት። መለማመጃ ይላል?"

"ይላል።"

"ይላል።"

"የኔም ይላል።"

የዳኛው ሚስት መነጽሯን አወለቀች፣ በሻርፗ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። ስሙ አልተለወጠም።

"እማዬ፣ አንቺስ?"

"የኔ ሾፌሩ ይላል።"

ልብስ ሰፊው አንገቱን አሰገገ። ልጅቷ መጣች፣ ጎንበስ ብላ አየች። ፊቷ ላይ መጀመሪያ ያለፈው ነገር ድንጋጤ ነው። ቀጥሎ ያለፈውን ግን እናት ብቻ ናት የያዘችው፦ ልጅቷ አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ ባዶው ወንበር አየች፣ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። አንዲት ቃል ብትውጥ፣ "ምንም አይደለም፣ ስህተት ነው፣ እለፊው" ብትል፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ወንድሟ ከሰዓት ይመጣል። ካርቶኑ ተዘጋጅቷል።

"እማዬ" አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። "ዘግተሽዋል። ብሎክ አድርገሽዋል።"

"እኔ? ማንን? እኔ መለማመጃን ነው የነካሁት።"

"ስትነኪው መልእክት ገብቶልሽ ነበር?"

አሰበች። ያን ዕለት ሰሌዳውን በሩቅ መነጽሯ እያየች፣ አውራ ጣቷን ልታሳርፍ ስትል ስልኩ እጇ ላይ ተንዘፍዝፎ ነበር። ቀና ስትል ሾፌሩ ከወዲያ ሆኖ ፈገግ ብሏል። እሷም ፈገግ አለች፣ ሳታይ ነካች፣ ልጇ እንዳለችው ሁለተኛውን ቁልፍ ነካች፣ ሦስተኛውን ነካች። ማታ ቤቷ ስትገባ ነው ያነበበችው፦ "ሻርፑ ያምርብዎታል።"

"አዲስ መልእክት ሲመጣ የላከው ሰው ስም ወደ ላይ ይዘላል" አለች ልጅቷ። "አንቺ ጣትሽን ስታሳርፊ መለማመጃ ወርዶ እሱ ቦታው ላይ ነበር። ግን እኮ ከታች ተጽፎልሻል፤ ይኸው፣ ይሄን ሰው ዘግተሻል ይላል።"

እናት አየች። ትንሽ ናት። እንግሊዝኛ ናት። ግራጫ ናት።

"አይታችሁ እለፉ ብለሽን አልነበር?" አለች።

ልጅቷ ያጣመረችው እጇ ከኋላዋ ወረደ።

"እኔ ነኝ" አለች። "እንዳትፈሩ ብዬ ነው። አንድ በአንድ ላስነብባችሁ ሲገባኝ አሳጥሬ አለፍኩት። እኔ ነኝ፣ እማዬ።"

የዳኛው ሚስት "መክፈቻው የቱ ነው?" አለች። ልጅቷ ጠቆመች፣ አልነካችም። እናት ራሷ ነካች። የሾፌሩ ስም ከዝርዝሩ ጠፋ። ቸኩላ ወደ መልእክቱ ተመለሰች፤ አሁን እንደ ዝናብ ይወርዳል ብላ ጠበቀች። አንድ ነገር አልወረደም። "ሻርፑ ያምርብዎታል" እንዳለ አለ፣ ከሥሩ ባዶ።

"የጻፈልኝ የታለ?"

"ተዘግቶ እያለ የላከው አይመጣም።"

"የት ሄደ?"

"የትም። የለም፣ እማዬ።"

"ታዲያ ምን እንዳለኝ በምን አውቃለሁ?"

እዚህ ላይ ልብስ ሰፊው ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ ያለውን አላውቅም" አለ። "ሰውየውን ግን ዛሬ ጠዋት ስመጣ የአውቶቡሱ ዴፖ በር ላይ ያለችው የሾፌሮች ማረፊያ አገኘሁት። ለምን አትመጣም ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'አንድ ራይት ብቻ፣ ፎቶዋም ጠፋብኝ' አለ። 'ልጅቷ ስታስተምር የዘጋህ ሰው ምልክቱ ይሄ ነው ብላ የለም? ትምህርቱ ገብቶኛል' አለ።"

ሴትየዋ ደወለች። እዚያው፣ በሁሉም ፊት። ጠራ። ጠራ። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ።

"ላድርስሽ?" አለች ልጅቷ። ዓይኗ ሞልቷል። "መኪናው ውጭ ነው።"

"ተማሪዎችሽን ጥለሽ የት ትሄጃለሽ። ግራጫዋን አስነብቢያቸው።"

ቦርሳዋን አንጠለጠለች። ደረጃውን ስትወጣ ጉልበቷ ሲያማት ከርሞ ነበር፤ ዛሬ አላስታወሰችውም። ልቧ ብቻ ከሷ ቀድሞ ይሮጣል፣ እሷ ከኋላው።

* * *

አውቶቡስ ተሳፈረች። መቀመጫ አልነበረም፣ ቆመች። ከተማው ከዚህ ከፍታ ሌላ ነው፤ የሰው ግቢ አጥር ሳይጋርድሽ ይታያል። የራሷን ሰፈር ሲያልፉ የራሷን ግቢ ከላይ አየችው፣ ቧንቧውን ሳይቀር። እሱ ስንቴ በዚህ አልፏል? ስንቴ አይቶኛል? እያንዳንዱ ፌርማታ ዓመት ሆነባት። ቢሄድስ? ቢገኝስ? ምን ልል ነው? "ይቅርታ፣ ጣቴ ነው"? በዚህ ዕድሜ?

ማረፊያዋ ጠባብ ክፍል ናት። የብረት ቁምሳጥን፣ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ የሻይ ፔርሙስ፣ ኳስ የሚያሳይ ቴሌቪዥን። ሦስት አራት ሾፌሮች ነበሩ። እሱ ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ ኳሱንም አያይም። ቀና ሲል አያት። ተነሳ። ኮፍያው ከጉልበቱ ወደቀ፣ አላነሳውም።

"ወይዘሮ።"

"ለምን ስልክዎን አላነሱም?"

"የደወሉት እርስዎ ነዎት? በስህተት ነው ብዬ።"

"ስህተቱ ያኛው ነው" አለች። ከአውቶቡሱ ጀምሮ ስታጠናው የመጣችው ሁሉ ጠፋባት፣ በአንድ ትንፋሽ አወረደችው። "መለማመጃን ልዘጋ ስል ሻርፑ ያምርብዎታል ብለው ላኩ፣ ስምዎ ወደ ላይ ዘለለ፣ እኔ እርስዎን እያየሁ ነበር፣ ጣቴን አላየሁም። ዛሬ ነው ያወቅሁት። አንድ ቃል አልደረሰኝም። ቤቴ ውስጥ ስዞር ነው የሰነበትኩት፣ ሦስት ጊዜ ማንቆርቆሪያ አቃጥያለሁ።"

ሾፌሩ አያት። መሪ የለመደ እጁ የሚያርፍበት አጣ።

"እኔ ደግሞ ገፋሁዎት ብዬ" አለ። "ከአቅሜ በላይ ተንጠራራሁ ብዬ።"

"ምን ብለው ነበር የጻፉት?"

"አጠፋሁት። ሲያፍር ሰው ምን ያደርጋል።"

"እንግዲያው ይንገሩኝ።"

"አሁን? እዚህ?" ወደ ጓደኞቹ ዞረ።

አንዱ ሽማግሌ ሾፌር የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ። "እኛ የለንም፣ ቀጥል" አለ፣ ዓይኑን ከኳሱ ሳያነሳ።

"ልጄ ዛሬ ከሰዓት ይመጣል" አለች የዳኛው ሚስት። "እሺ ካልኩት ከሱ ጋር እሄዳለሁ። ቤቱም ይከራያል። ያልሰማሁትን ነገር ይዤ አልሄድም። ይናገሩ።"

ሾፌሩ ተነፈሰ። ቃሉ ከሩቅ እንደሚመጣ ሁሉ ጠበቀችው። አላቻኮለችውም።

"እንግዲህ... ያልኩት እንዲህ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ጭኜ ኖርኩ። ሁሉም ይወርዳል። ሰላም ብሎ ይገባል፣ ሰላም ብሎ ይወርዳል፣ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ መለስ ስል ወንበሩ ባዶ ነው። ሚስቴም እንደዚያው ወረደች። ለመድኩት። እርስዎ ያንን ወንበር፣ ማንን ይጠብቃል ብለው ሲጠይቁኝ... መልሱን ያን ዕለትም አውቀው ነበር። ፈርቼ ነው አላወቀም ያልኩት። አይሂዱብኝ ነው ያልኩት። ልጆችዎ ባሉበት ልምጣና በወግ ልጠይቅ ነው ያልኩት። ይሄው ነው።"

ቴሌቪዥኑ ላይ ጎል ገባ መሰለኝ፣ ማንም አላጨበጨበም።

"ሁሉም ይሄ ነው?" አለች። "አንድ መልእክት?"

"ሦስት ነበር። ሁለተኛው፣ ደረሰዎት ወይ የሚል ነው።"

"ሦስተኛውስ?"

"ይቅርታ።"

ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ተሰብሮ እንባ ሆነ። ቀሚሷን ሰብስባ እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ የዳኛው ሚስት፣ በቅባት ጨርቅና በአሮጌ ጃኬት መሃል። እሱም ቀስ ብሎ ከጎኗ ተቀመጠ፣ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ትቶ።

"ይቅርታው ይቅር" አለች። "የፊተኛውን ሰምቼዋለሁ። ዛሬ ይምጡ።"

"ዛሬ?"

"ልጄ ይቆጣል። ጠበቃ ነው፣ ብዙ ይናገራል። ሴቷም ታለቅሳለች።"

"እርስዎስ ምን ይላሉ?"

"አልሄድም እላለሁ። ቀድሜ እኔ እናገራለሁ፣ ከዚያ እርስዎ ይናገራሉ።"

"በአፌ?"

"በአፍዎ። አሁን ቻሉበት አይደል።"

ሽማግሌው ሾፌር ለሁለቱም ሻይ ቀድቶ ፊታቸው አስቀመጠ። አልጠጡም። ቤቷ ውስጥ ሲያንቆራጥጣት የሰነበተው ነገር አሁንም ደረቷ ውስጥ አለ፤ አልበረደም፣ ልጇን ስታስብ እንዲያውም ይብስባታል። ጎንበስ ስትል የሾፌሩን ጉልበት አየች። ይንቀጠቀጣል። ያን ሁሉ ዓመት ያን የሚያህል አውቶቡስ ያቆመ እግር ቁጭ ባለበት ይንቀጠቀጣል፤ እሱም ያውቃል፣ በእጁ ሊይዘው ይሞክራል፣ እምቢ አለው።

አየችው፣ ምንም አላለችም። ደስ አላት ግን። እንዴት ደስ እንዳላት።